ሣጥን

ዶሮ ማነቂያ መውረጃ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣
አምስት ሰዓት ላይ አንድ ሰው ፍላሹን ጨብጦ ገባ።
«ቀብሯ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ሦስት ገጽ ነው ታሪኳ፤
መቶ ቅጂ፣ ሽፋኑ ላይ ስሟ፣ ከስሟ በላይ መልኳ።»

ማተሚያው ትናንት ነው ከነካርቶኑ የመጣ፤
አጓራ፣ ወረቀት ሳበ፣ የመጀመሪያው ገጽ ወጣ፦

□□□□ □□□□□ □□□

ሣጥን ከሣጥን ቀጥሎ። አራት ነጥቡም ሣጥን።
የተረፈው ቁጥር ብቻ፦ 1938፣ 2016።
ሰውየው ገጹን አገላብጦ፣
«ይሄ ሁሉ ለሷ ነው?» አለኝ። «አንዱ አይበቃትም?»

ፊደል ያልቆጠረ ማሽን! ሀ ሁ ላስቆጥረው ቁጭ አልኩ፤
ድራይቨሩን ነቅዬ ጥዬ እንደገና ጫንኩ፤
መብራት ሄደ። መጣ።
«ከራስህ ፎንት አትምዘዝ፣ እንደ ሥዕል አይተህ አትም» ብዬ አዘዝኩ።

ስድስት ተኩል ላይ አፉን ፈታ።
«ወይዘሮ» አለ ጥርት አድርጎ፤
ስሟ ላይ ሲደርስ ግን ተኮላተፈ፦
□ንጂት።

«ለጆሮ ያው ነው፤ በቆ ልቀይረው?» አልኩት።
«ቆንጂት የጎረቤታችን ልጅ ናት» አለ።
«እናቴ የምትፈርመው በቈ ነው።»

ሰባት ሰዓት አለፈ።
የማተሚያው ካርቶን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣
በመቶ ሽፋን፣ በመቶ ሣጥን ውስጥ፣
በጥቁር እስክሪብቶ፣ ቈን አንድ በአንድ አስገባን፤
እሱ ሃምሳ፣ እኔ ሃምሳ።

የኔዋ ጠመም ትላለች።
የሱ ቀጥ ያለች ናት፤
አስጠንታው ይሆናል።