ስንት ስንዝር ነው?

በየካቲት ባሕሩ ሲተኛ እንደ ድንጋይ፣
ከቮርምሲ ደሴት መንገድ ይዘረጋል በውኃው ላይ።
ጀልባ ታስሮ ይከርማል፤ ትራክተር ባሕር ያቋርጣል፤
ማገዶ ይዞ ይሄዳል፣ ዱቄትና ፖስታ ይዞ ይመጣል።

መንገዱ ከመከፈቱ በፊት ግን ስብሰባ አለ፣
በእሳት አደጋው መጋዘን፣ ሁሉም ከነካፖርቱ፣ ጢሙ አመዳይ እንዳዘለ።

ኡርማስ ተነሣ።
ኡርማስ ማለት፦ የኮንትሮባንድ ቮድካ፣ የስድስት ወር እስር፣
የአማቱን ላም ሸጦ፣ አብሯት ፍለጋ የሚዞር።
«ከድንጋዩ ምልክት ወዲያ» አለ፣ «ሥሩን ጅረት በልቶታል፤
ትናንት በሳሁት፤ አንድ ስንዝር አይሞላም፣ ጠቁሯል፣ ላልቷል።»

ሣቁ ከኋላ ወንበር ጀመረ።
«ቮድካህ ነው እንጂ የጠቆረው!»
«ላሟም እዚያው ሰጥማ ይሆን?» ብሎ አንዱ ጨመረ።
ስንት ስንዝር እንደሆነ ግን ሄዶ ማንም አልጠየቀ፤
የላሟ ጉዳይ ተነሣ፤ የበረዶው ጉዳይ አለቀ።

ቀጥሎ መምህር ታአቬት። ንጹሕ ሰው። ድምፁ ለስላሳ።
አርባ ዓመት ፊደል ያስቆጠረ፣ ውለታ የማይረሳ።
«ውርጩ ሰንብቷል፤ ይችላል» አለ፤ አበቃ።
አልበሳም፣ አልለካም። መጋዘኑ ግን በጭብጨባ ነቃ።

እኔስ?
እኔ፣ የዓሣ ማጠኛው ሠራተኛ፣ የሄልዩ ባል፣ የውጪው ሰው፣
አፌን ስከፍት አገሬን የሚጠይቁኝ፣ ሐሳቤን ሳልጨርሰው፤
ስለ ጉድጓዱ ውኃ ብናገር «እናንተ ጋ እንዲያ ነው?» ያሉኝ፣
ጣራ እያየሁ ያነጋሁ፣ ነገሬን ትተው እኔን ስላዩኝ፣

እኔም እጄን አወጣሁ።
ከመምህሩ ጋር።

ኡርማስ አየኝ፤ ኮፍያውን ደፋ፤ ምንም ሳይናገር ወጣ።
(አምሳ ዩሮ ወስዶብኝ ነበር፤ እስካሁንም አልመጣ።)

በረዶ ምን ያውቃል? ያልተማረ ዳኛ ነው፤
የማን ልጅ እንደሆንህ፣ የማን ላም እንደሸጥህ ግድ የሌለው።
ማክሰኞ ጠዋት ከድንጋዩ ምልክት አለፍ እንዳለ፣
የመምህሩ ትራክተር ከነማገዶው፣ ከነመልካም ስሙ ተንጠለጠለ፤
ከዚያ ገባ።
ሰውየውን በገመድ ጎተትነው፤ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማ ነበር።

ኡርማስ? እሱማ ቤቱ ተኝቷል፣ ሰክሮ።
ልክ መሆኑ ጨዋ አላደረገውም፤ ያው ዕዳ፣ ያው ኑሮ።

ዘንድሮ ደግሞ ያው መጋዘን፣ ያው ካፖርት፣ ያው አመዳይ።
ኡርማስ «ይችላል» አለ፣ እግሩን ዘርግቶ ወንበር ላይ።
ጭብጨባ! «ኡርማስ ካለ አለቀ!» «በቃ፣ ነገሩን ጨርሱ!»
መምህሩ ጥግ ሆኖ እጁን ቢያወጣ፣ «እርስዎማ ይዋኙ!» አሉና ሣቁ እነሱ።

ሄልዩ ጎኔን ነካችኝ፦ «አንተስ የማንን ትላለህ?»

የማንን።

ተነሣሁ። ከበሩ ኋላ የብረት መሰርሰሪያው ተደግፏል፣
እጀታው ቀዝቅዟል፣ ጫፉም በአምና ዝገት ተለጉሟል።
የማንም ያልሆነውን ነጭ ሜዳ ብቻዬን ተራመድሁ፤
ከድንጋዩ ምልክት ወዲያ ተንበርክኬ መብሳት ጀመርሁ።
ውኃው ሽቅብ ሲመጣ እጄን አጠለቅሁ፣ ክንዴና ጣቶቼ እስኪደነዝዙ፣
ቆጠርሁ። አንድ ስንዝር። ሁለት። ሌላ ግማሽ። ከዚያ ጠርዙ።