ሁለት ሳጥን

ቱሉ ዲምቱ፣ አራት ፎቅ ደረጃ፣ ልሳኑ አዝሎት ወጣ፣
እንደ ታመመ ልጅ በጋቢ ጠቅልሎ፤
«አንዱ አምፕሊፋየር መች አነሰን?» ብዬ ብቆጣ፣
«ለጩኸት አይደለም» አለኝ፣ ቁና ቁና ተንፍሶ፣ ቁጭ ብሎ።

የምናለሽ ተራ ዕቃ ነው፤ ጀርባው የዛገ፣
አንድ ማዞሪያው በሃይላንድ ክዳን የተተካ፤
እሱ ግን ዳሰሰው፣ አቧራውን ጠረገ፣
ከአሮጌው ጎን አኖረው፣ ሽቦውን በክንዱ ለካ።

ከስፒከሩ ጀርባ ጥፍር የምታክል የመዳብ ድልድይ ነበረች፤
ነቀላት። «እሷ ናት
ወፍራሙንና ቀጭኑን ባንድ ቀንበር ያሰረች።
ከእንግዲህ ከበሮው ለዚህኛው ትከሻ፣
የማሲንቆው ጭራ ለዚያኛው፤
ሁሉን ልቻል ያለ፣ ማቃሰት ነው መጨረሻው።»

እኔ ዐይኔ ከቆጣሪው ነው፤ ካርዱ አልቋል፣ ሊያልቅ ነው፤
ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም፤
ሁለት ሳጥን የሚቀልብ ማነው?

ካሴቱን ከተተ። ሃያ ዓመት የማውቀው ዜማ፤
ዛሬ ግን ጣት ጭራው ላይ ሲንሸራተት፣
አዝማሪው ምራቁን ሲውጥ፣
ከኋላ፣ ከጥግ፣ አንዲት ሴት
«እሰይ!» ስትል ጆሮዬ ሰማ።
ሃያ ዓመት እዚያው ነበረች፣ ከበሮው ውጧት።

ይኼኔ መብራት ሄደ።
ካርዱ ይሁን ሰፈሩ፣ እንጃ።
ከፈጣን መንገዱ የከባድ መኪና ጉርምርምታ ብቻ ቀረ፣
ሁለቱ ሳጥኖች ጎን ለጎን ሲቀዘቅዙ ቀጭ፣ ቀጭ እያሉ።
በጨለማው ወደኔ ዞረ፦
«ምን ሰማሽ?» አለኝ።
እንዲህ ብሎኝ አያውቅም ነበረ።

«ሴትዮዋን» አልኩት።

«የቷን ሴትዮ?»