ቤት የመታ ሸክላ

ብላክበርን ነው፣ ዝናብ ጀምሮ መጨረስ በማያውቅበት፣
የጥጥ ፋብሪካው ተዘግቶ ርግብ ጣራውን በወረሰበት።
አስራ ዘጠኝ ዓመቴ። ወንድሜ ግሌን ርሶ ገባ፣
ሸክላውን በሹራቡ ጠቅልሎ፣ ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ እሱ እየባባ።
ሽፋኑ አስቀያሚ ነው፤ ቢጫ ዓሣ፣ ሰማያዊ መነጽር ያጠለቀ፣
ሸክላ በሽፋኑ ቢኖር፣ ይኼ ገና ያኔ በወደቀ።

ሠሪው ኤሮል ፒኖክ ነው፣ ማንችስተር መብራት ሲጠግን ኖሮ
ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ አንዲት ሣጥን የገዛ፣ በአርባ ፓውንድ ተከራክሮ፤
ብቻውን ለሚጫወት ጊታረኛ ባስ እንድታጅብ የተፈጠረች፣
መምሰል ስላቃታት ከሥራዋ የተባረረች።
ባትሪዋ ባለቀ ቁጥር የተማረችውን ትረሳለች፣
ስትነቃ ማንም ያላስተማራትን ዜማ ታለቅሳለች።
ኤሮል አላረማትም። ቁልፏን በሁለት ጣቱ አዞረ፤
ድምፁ እንደ ሎሚ ኮመጠጠ፣
ጭራዋን እንደ ረገጧት ድመት ጮኾ አቀረቀረ።

አሲድ አሉት፤ ብረት የሚበላው፣ የባትሪ ውሃ።
ሃውስም አሉት፤ ቤት ማለት ነው። ግድግዳ የለው፣ በር የለው፣
ከበሮው ብቻ ቤት እየመታ በአራት እግሩ ያቆመው።

እናታችን ኤድና
ሠላሳ ዓመት በሽመና ማሽን መሐል ቆማ
ጆሮዋን ለፋብሪካው ገብራ የወጣች ናት።
ከንፈር እያየች ነበር ሰው የምትሰማው።
ያን ዕለት ሳህን ስታጥብ
ውሃው በሳፋው ውስጥ ክብ እየሠራ ሲንቀጠቀጥ አየች።
እጇን ሳታደርቅ መጣች፤
መዳፏን ድምፅ ማጉያው ላይ፣
ትኩሳት እንዳለው ልጅ ግንባር፣ ቀስ አድርጋ አኖረች።
ግሌን ሊያጠፋው ሲንደረደር
«ተወው!» አለች። «አራተኛው ሼድ ነው!
ድሩ ተከፈተ፣ ማጉ ተወረወረ፣ ተመታ፤
ተከፈተ፣ ተወረወረ፣ ተመታ።
ማን ነግሮት ነው?»
ማንም አልነገረውም። ኤሮል ሸማኔ አይቶ አያውቅም።
ግሌን ግን በደስታ ዘለለ፣ ጉልበቱ ጠረጴዛውን መታ፣
መርፌው ሸክላውን ጫረው።
እናቴ መዳፏን ሳታነሳ፣
«ክር ተበጠሰ» አለች።

ከዚያ ወዲህ እዚያች ቦታ ላይ ሁሌ ይዘላል።
እሷ ከሞተች ዘጠኝ ክረምት ሆናት።
ግሌን አውስትራሊያ ቧንቧ ይቀጥላል፤
ለገና ሲደውል ከሰላምታው በፊት
«ጭረቱ አለ?» ይላል።
እኔ አውቶቡስ እነዳለሁ፣ የሌሊቱን መስመር፤
ባዶ ወንበሮቹ አስፋልቱ በተሰነጠቀበት
አራት አራት እየመቱ ይከተሉኛል።

እውነቱን ልናገር፤ የሁለተኛው ገጽ ሦስተኛ ሥራ ያሰለቻል፣
ኤሮል እንቅልፍ ወስዶት ሣጥኗ ብቻዋን የቀጠለች ይመስላል።
ደግሞም ጠርጥሬአለሁ፤ የምወደው ሸክላውን ነው
ወይስ የማይዝለውን ያንን የአስራ ዘጠኝ ዓመት ጉልበቴን?
ትዝታ ቀጣፊ ነው፤ የከሰረ ዕቃ በወርቅ ዋጋ ይሸጣል፣
ገዢውም ሻጩም ራሱ ሰውዬው ይሆናል።

ባለፈው እሑድ የግሌን ልጅ ኬዚያ መጣች፣
አስራ ስድስት ዓመቷ፣ ከንፈሯን ወደ አንድ በኩል የምታጣምም፣
ምንም የማይጥማት፣ ምንም የማይገርማት።
ሸክላውን አስቀመጥኩ፤ ምንም አልነገርኳትም።
ስልኳን ስትነካካ አውራ ጣቷ ቆመ።
«ማን ነው? ዛሬ ነው የወጣው?»
ዝም አልኩ።
በስልኳ ፈልጋ አገኘችው፤ ታድሶ፣ ታጥቦ፣ ያለ ጭረት።
አጠገብ ለአጠገብ አሰማችኝ። ንጹሕ ነው፣ እንደ ሆስፒታል አንሶላ፤
እዚያች ቦታ ሲደርስ ግን እግሬ ብቻውን ተነሣ፣
ደረጃ ያለ መስሎት በጨለማ እንደሚራመድ ሰው
አየር ረግጦ ወደቀ።

ሳቀች። ስልኩን አስቀመጠችው።
ምንጣፉን በእግሯ ጠቀለለች፣ ጫማዋን አወለቀች፣
መርፌውን ራሷ መለሰች፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ፤
ከበሮው ገባ፣ ሣጥኗ ማልቀስ ጀመረች፣ ትከሻዋ ያዘላት።
«አሁን እዚህ ጋ ይዘላል» አልኳት።
«ዝለዪ።»