የጨው ሚዛን

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ በጨው ኩሬው ዳርቻ፣
ቦርሳዬን አንግቼ፣ በብስክሌት ብቻ፣
ወደ ኤርሚኒዩ ቤት ስሄድ ሦስት ዓመቴ፤
የደም ግፊት መለካት፣ ይህ ነው አገልግሎቴ።

ስድሳ ዓመት ሙሉ፣ ከአትላንቲክ ወጥቶ
የመጣውን ውኃ በጭቃ ግድብ ገትቶ፣
ፀሐይ እስክትጠጣው ጠብቆ፣ ታግሦ፣
ነጩን ከጭቃው ላይ በእንጨት ላይዳ አፍሶ
የኖረ ሰው ነበር። ክንዱ እንደ መቅዘፊያ፣
ጀርባው እንደ ወደብ፣ የጀልባ ማረፊያ።

የመጀመሪያው ቀን መቶ ዘጠና አለ፤
ጨርቁ ለዚያ ክንድ ጠቦ ተንጠለጠለ።
"ጨው" አልኩት፣ "ይቅርብህ፤ ከዛሬ ጀምሮ።"
ዝም አለ። ዓይኑ ሄደ፣ በመስኮቱ ዞሮ፣
ነጩ ክምር ወደ ቆመበት ጓሮ።

ደግሞ ጨዋ ነበር። ጨዋ ምን ያደርጋል?
የታዘዘውን ነው፤ ይሰማል፣ ይተዋል።
ከስሙ ሳይጠፋ፣ ጨው ከማዕዱ ጠፋ።

መቶ ሰባ ሆነ። መቶ ሃምሳ ወረደ።
መቶ ሠላሳ። መቶ ሃያ። እንዲህ እንዲህ ሄደ።
እኔም በደብተሬ፣ በሰማያዊ ቀለም፣
"ጥሩ!" "በጣም ጥሩ!" ሌላ ቃል የለም።
አለቃዬ ዙልሚራ በስብሰባ መሀል
"ሰው ከቆረጠ" አለች "ይኸው፣ ይቻላል።"

ግን ያ ጨርቅ፣ ያ ጠባብ፣ ክንዱን ያነቀው፣
መቼ ነው የሰፋው? ማን ነው ያወቀው?
አንዴ ዞረ። ቀጥሎ አንድ ዙር ተኩል፤
ዓይኔ ቁጥሩ ላይ ነው፣ እጄ ይጠቀልል።
ሚስቱ ዴኦሊንዳ በጥቅምት አረፈች፤
መጥበሻዋ እዚያው ምስማሩ ላይ ቀረች።
"ማን ያበስልልሃል?" አልጠየቅሁም። "ምሳ?"
አልጠየቅሁም። ቅጹ ስለ ድስት አያወሳ።

የካቲት ነው። ዝናብ። በሩን ብቆረቁር
መልስ የለም። ዞርኩኝ፣ በጨው ጎተራው በር፤
ወድቆ አገኘሁት፣ ሳይሞት፣ አፍሮ፣ ነቅቶ፣
ጀርባውን ለነጩ ክምር አስጠግቶ።
"ዞረብኝ" አለኝ። "ምድር ዘነበለች።"
ማሽኗ "ዘጠና አራት" ብላ ብልጭ አለች።
ጨርቁ ሁለቴ ዞሮ ገና ትርፍ ነበረው፤
ክንዱን፣ ያን ጊዜ ነው፣ ክንዱን ዓይኔ ያየው።

በጎተራው ጥግ ላይ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን አለ፣
የድሮ ጆንያ ካንዱ ላይ ሳይወርድ የዋለ፣
ሃምሳ ኪሎ የሚል ማኅተም ያለበት።
አቀፍኩት፤ ቀለለኝ። ሌላው ላይ አኖርኩት።
ጆንያው ንቅንቅ አላለም፤ የኔው ልብ ወረደ፤
አፋሹ ቀለለ፣ ያፈሰው ጨው ከበደ።
"አየሽ ግራሲንዳ" ብሎ ሳቀብኝ፣
"እኔ ጨውን ጣልኩት፤ ጨው መልሶ ጣለኝ።"

ማቀዝቀዣው ውስጥ ግማሽ ሎሚ፣ የደረቀ ዳቦ፣
ሾርባ፣ በአረንጓዴ ሻጋታ ተከቦ።
"ያለ ጨው ምን ይበላል? ገለባ ነው ሁሉ።
ሻይ ይበቃኛል። ቁጥሮቹም ጥሩ ናቸው አሉ።"
"አሉ" ያለው እኔን ነው፤ ያውም ከነፊርማዬ፣
በሰማያዊ ቀለም፣ ከነቃለ አጋኖዬ።

ጨው ለራሱ ሲል ይጣፍጥ ይባላል፤
ሰውስ ለራሱ ሲል ያልጣፈጠው ይበላል?
ደሙ እንዳይገፋው ብለን ስንለፋ፣
ከገበታው ዳር ሰውየው ተገፋ።

ሐኪሙ በስልክ ሁለቱን ኪኒን አነሣ።
የምግብ ባለሙያዋ ሐሙስ ትመጣለች። እስከዚያሳ?
የዴኦሊንዳን መጥበሻ ከምስማሩ አወረድኩ፤
እንቁላል ሰበርኩ፣ የወይራ ዘይት አፈሰስኩ፣
ሰርዲን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮምጣጤ፣ የድንብላል ቅጠል፣
ምላስ ጨው ሲናፍቅ የሚያታልል፣ የሚያባብል።

ጎረሰ። ዝም አለ። ዝናቡ ይወርዳል።
"ኮምጣጤው በዝቷል" አለኝ። "ድንብላሉ ያንሳል።
ዴኦሊንዳ ብትሆን…" አለና ደግሞ ጎረሰ፤
ደግሞ፤ እስከ ሳህኑ ጠርዝ፣ በዳቦ አበሰ።

ደብተሬን ገለጥኩት። "ጥሩ" ልል፣ እጄ ቆመ።
ከግፊቱ ቁጥር ጎን፣ በጠበበው ቦታ፦
ምሳ፤ ሁለት እንቁላል። አንድ ሰርዲን። አንድ ቅሬታ።