ካቻቢቴ

የስድሳ ስምንት ስሪት፣ አፍንጫዋ ሾጣጣ፣
ሁለት ሰው የምትችል፣ የማትወድ ሻንጣ፤
ከሃርሊንገን ወደብ፣ ገና ሳይነጋጋ፣
ሲብረን አስነሣት፤ የጎረቤት ውሻ በመስኮት አዛጋ።

"ትሪየስቴ" አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንኑ ብሎኛል።
ጣሪያዋ ያፈሳል፣ ወገቤን ያመኛል፣
ብለው መቼ ሰምቶኝ?
እጄን ይዞ ብቻ በሩን ይከፍትልኛል።

አርባ ዓመት ፒያኖ ቃኝቶ ነው ያረጀው፤
የኩሽናችን በር ሲጥ ሲል እንኳን
"ሶል ናት፣ ትንሽ ወርዳ" ብሎ ነበር የሚፈርጀው።
ከስድስት ዓመት ወዲህ ጆሮው ጥርቅም አለ፣ ያለ ሁካታ፤
"ከውስጥ የተቆለፈ ቤት ሆንኩ" አለኝ አንድ ማታ፤
ሌላ አልጨመረም፣ ለአንድም አፍታ።

ስለዚህ መንገዱን እኔ ነኝ የምሰማ፣
ዜማ ከጩኸት የማልለይ፣ ጆሮዬ ጨለማ።
"ምን ትላለች?" ይላል፣ እጁን ካምቢዮው ላይ ጥሎ፤
"ደህና ናት" እላለሁ፤ ደህንነቷን ማን ጠይቆ፣ ማን ምሎ።

በራይን ዳር ወረድን። የከሰል ጀልባ ሲጎተት፣
መኪኖች በግራ ሲያልፉን፣ አዳዲስ፣ ድምፅ አልባ፣ እንደ ምኞት፣
አንድ ልጅ በኋላ መስታወት እጁን አውለበለበ፤
ሲብረን ጡሩንባ ነፋ። እሱ አልሰማውም፤ ልጁ ግን ጠገበ።
ባዝል ላይ ዝናብ። ጣሪያው እንደ ልማዱ፣
አንድ ጠብታ ለእሱ፣ ሁለት ለእኔ ጉልበት፣ ሳይዛባ ፍርዱ።

ከዚያ ተራራው መጣ። በሁለተኛ ማርሽ፣ ቀጥሎ በአንደኛ፤
በብስክሌት የሚወጣ ሽማግሌ ቀደመን፣
"አይዟችሁ" አለን በእጁ፣ እንደ ጓደኛ።
ያኔ ከኮፈኑ ሥር አንድ ነገር አንኳኳ፤
እንደ አበዳሪ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይታክት፣ ኳ... ኳ... ኳ።

"ምን ትላለች?"
"ትዘምራለች" አልኩት።
ፈራሁ፤
ከዚህ ከተመለሰ ትሪየስቴን ዳግም አያነሣትም ብዬ ነው የዋሸሁ።
ሪዲያተሩ ግን መዋሸት አያውቅም፤ እንፋሎቱን ለቀቀ፤
ከጫፉ ሁለት ኩርባ ሲቀረን፣ ጉዟችን አለቀ።

በትራክተር ጎተቱን። ጋራዡ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፤
በአሮጌ ጎማ ውስጥ አራት ግልገል ድመት፤ በሩ ላይ የደረቀ አበባ።
ኦርሶላ ትባላለች፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ዘይት፤
ካቻቢቴ አነሣች፣ ክንድ የሚያህል፣ እጀታው እንጨት፤
ጫፉን ከሞተሩ፣ እጀታውን ከጆሮዋ ጀርባ አጥንት
ገጥማ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ አዳመጠች።

ሲብረን አፍጥጦ ያያታል።
እኔ ጆሮዬን ነክቼ "አይሰማም" አልኳት በምልክት፤ ምንም አላለች፤
እጀታውን ከእሱ ጆሮ ጀርባ፣ ከአጥንቱ ላይ ተከለች።

ትንፋሹን ዋጠ። ጣቱ ተነሣ፣ ቁልፍ ላይ ሊያሳርፈው፣
በአየር ላይ ቀረ። ስድስት ዓመት የተቆለፈው
ቤት፣ በጓሮ በር፣ በአጥንት በኩል ተከፈተ።
"ሦስተኛዋ ፒስተን!" አለ፤ "ሩብ ድምፅ ወርዳለች!"
ተቆጣ። እንደ ድሮው፣
ሰው ፒያኖውን ፀሐይ ላይ ሲያቆም እንደሚቆጣው፣ ተቆጣ።
ኦርሶላ ቋንቋው ባይገባትም ሦስት ጣት አነሣች፤
ክርክሩ በዚህ ወጣ።

ሁለት ቀን ሠራቻት። ሂሳቡን ከፍለን ስንነሣ
ካቻቢቴውን በጋዜጣ ጠቅልላ ጭኔ ላይ አኖረችው።

ትሪየስቴ ደረስን። ባሕሩ ግራጫ ነው፤ ያን ያህል አይደለም፤
ከሃርሊንገን ባሕር የሚለየው የለም።
ሞተሩን አጠፋ። ጋዜጣውን ፈታ፤
እጀታውን ካጥንቱ ገጠመ፣ ጫፉን በመሐረብ ሸፍኖ
ከአንገቴ ግርጌ፣ ከደረቴ አጥንት ላይ፣ በቀስታ አኖረው።
"በይ" አለኝ።

ሆዴ ስንት ነገር ነበረው!
ስንቱን ሌሊት ተኝቶ ሳለ ለጀርባው የነገርኩት
ሁሉም ምላሴ ላይ መጥቶ ተጋፋ፤ አንዱም አልወጣ።
ሰማዩን አየሁት።
"ሲብረን" አልኩ፣ "ዝናብ ሊመጣ ነው። ጣሪያዋ ያፈሳል።"

"ሰማሁሽ" አለኝ።