በሞቴ

ከተማው ደክሞት ከሚቀመጥበት፣
የመጨረሻው ብሎክ ከጤፉ ማሳ ጋር ከሚተያይበት፣
ከኮዬ ጫፍ ነኝ፤ አራተኛ ፎቅ።
ውሃ ከሄደ ዐሥራ ስምንት ቀን፤
ቧንቧው ተከፍቶ ነው የሚያድር፣ ድንገት ብትመጣ እንድናውቅ።

እኔ ግን ከዚያም በፊት ደርቄ ነበር።
የዚህን ቤት ቁልፍ የተረከብን ለት
አስናቀ ባዶው ሳሎን መሐል እስክስታ ወረደ፤
በሳምንቱ ሄደ።
ከሌን ካወለቅሁ ቆየሁ፤
ከሳቄ ላይ ግን አልወረደም።

እናቴም እንዲህ ነበረች። ቤቱ በሳቅ ሲናጋ
«ዛሬስ ምን ሊመጣ ነው» ትላለች፣
አማትባ ትነሣለች፣ በሩን ልትዘጋ።
ደስታ እኛ ቤት ብድር ነው፤
ወለዱን ሳያስብ የሚቀምሰው የለም።
ስጸልይም ተጠንቅቄ ነው፦
ጤና እላለሁ፣ የዕለት እንጀራ እላለሁ፣
ከዚያ በላይ አልጠራም።
እሑድ ስለ ደስታ ሲሰበክ
የሰው ደብዳቤ በስሕተት እንደ ከፈተ ሰው
አንገቴን እደፋለሁ።

ትናንት ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣
ቧንቧው እንደ ሽማግሌ ሳለ።
ዝም አለ። ደግሞ ሳለ።
ዝገት ተፋ፣ ነፋስ ተፋ፣ እንደ ወይፈን አገሳ።
ከታች አንድ ሰው «መጣች!» ብሎ ጮኸ፤
ብሎኩ እንደ ትንሣኤ ሌሊት በአንድ ጊዜ ተነሣ።

ሳፋው ተንኳኳ፣ በርሜሉ ተንከባለለ፤
ምንተስኖት፣ የወርቅያንሱ የመጨረሻ ልጅ፣
ራቁቱን ደረጃውን ወረደ፣
ሳሙናውን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ።
የአንደኛ ፎቁ ሻምበል እንኳ፣
ሰላምታ ከአፋቸው የማይወጣ፣
ባልዲ ታቅፈው፣ በፒጃማ ቆመው ሳቁ፤
ሳቃቸው ፎቅ በፎቅ ወደ እኔ ወጣ።

እኔ ሞላሁ። በጥድፊያ፣ በዝምታ፣ እንደ ሌባ።
ያ ሳቅ እንዳይገባ
በሩን በእግሬ ገፋሁት።

ወርቅያንሱ ግን እግሯን ከተተች።
ፀጉሯ አረፋ እንደ ለበሰ፣
በአዲሱ ውሃ የሠራችውን ሽሮ ፍርፍር ይዛ፣
ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልላ።
«በቃኝ» አልሁ፣ ገና ሳልጀምር።
«በዚህ ሌሊት?» አልሁ። «ጥርሴን ያመኛል» አልሁ።
«በሞቴ!» አለችኝ።

ስንቴ ሰምቼዋለሁ።
በሠርግ፣ በክርስትና፣ በተስካር፣ በማኅበር፣
«በሞቴ» ያልተባለበት ትሪ የት ነበር?
እኔም ብያለሁ፣ እንግዳ ሲያፍር፣ ልጅ ሲያኮርፍብኝ፤
ብዬው ግን ማንም አልቀበረኝ።
ለጉርሻው ሲል የሞተ ጋባዥ
አላውቅም ነበር።

አላውቅም?
እጇ አየር ላይ እንደ ቆመ፣
ውሃው ከኋላዬ እየፈሰሰ፣
አንዱ ትዝ አለኝ፦
ሐሙስ ማታ ማዕድ ዘርግቶ «በሞቴ» ያለ፣
ዓርብ ቃሉን የጠበቀ።

ጌታዬ፣ ስንት ዓመት «በቃኝ» ስልህ
እጅህ ሳይታጠፍ ቆየ?
አበዳሪ መስለኸኝ ነው የሸሸሁህ፤
ለካ የያዝከው ጉርሻ ነው።
ጉርሻ ደግሞ ውል የለው፣ ወለድ የለው፤
መልሱ አፍን መክፈት ብቻ ነው።

አስናቀ ለምን ሄደ? ዛሬም አላውቅም።
የዚያ ቀን እስክስታው ግን
ዋጋው ሞቱ አልነበረም።
ለብቻው የተሰጠ ነበር፣ ሙሉውን፣ ያልተቀነሰ፤
እኔ ነኝ እስከ ዛሬ ደረሰኝ ስፈልግለት የኖርሁ።

አፌን ከፈትሁ።
ዓይኔ አነባ። በርበሬው ነው ልበል።
ከዚያ ሳቅሁ፣ አፌ እንደ ሞላ፣
በነጠላ ጫፍ ሳልሸፍነው።
ሳፋው ሞልቶ ወለሉን አጥቦ ምንጣፉ ሥር ሲገባ
ሊዘጋው የተነሣ የለም።

«አንድ ያጣላል» አለች ወርቅያንሱ፣
ሁለተኛውን እየጠቀለለች።
ከጤፉ ማዶ ሰማዩ መግራጣት ጀምሯል።

«በቃኝ» አላልሁም።