የጓዳው አገልጋይ

የካቲት አጋማሽ፣ ጋላትስ፣ ከዳኑብ ወንዝ ዳር፣
ባለ ዘጠኝ ፎቁ ሕንፃችን፣ ከነበረዶው ጋር።
መብራት ብልጭ አለና፣ ጠፋና መጣ፤
ያን ያህል ብቻ ነው፤ ማንም አልተቆጣ።
ሊፍቱ ግን ቆመ። እሱን አስነሳሁ፣
ሥራዬ ነውና፤ ታጠብሁ፣ ማንኪያ አነሳሁ።
ያኔ ነው በሬ የተንኳኳው።

«ሳንዳ፣ ኢንተርኔቱ የለም።» ኔሉ ነው፣ ከሦስተኛ።
«ሳንዳ፣ ኢንተርኔቱ የለም።» ሴዛር ነው፣ ከስድስተኛ።
ደረጃው ላይ ተገጣጠሙ፤ ሰላምታ የለም፣
አንዱ ግድግዳ አየ፣ አንዱ ጫማውን፣ እንደ ዘለዓለም።
«እኔ የማውቀው ሊፍት ነው» አልኩ። «ብሎን መፍቻ አለሽ» አሉኝ፣
ብሎን መፍቻ ያለው ሁሉን ያውቃል ብለው ወሰዱኝ።

ወይዘሮ ስማራንዳ ጓዳ፣ ክዳን የለሽ፣ ሆዱ የተገለጠ፣
አሮጌ ኮምፒውተር፣ ከኮምጣጣ ጎመን በርሜል ጎን የተቀመጠ።
ልጇ ቲቤሪዩ ነው ያቆመው፤ ሁለት ካርድ ሰክቶ፣
አንዱን ወደ ውጭ፣ አንዱን ወደ ሰባት ቤት አብልቶ፤
ከሰገነት ሰገነት ገመድ ወርውሮ፣ እንደ ልብስ ማስጫ፣
ሰባት ቤት በአንድ መስመር፣ በአንድ መዋጮ፣ በአንድ መውጫ።
ቲቤሪዩ አሁን ባሕር ላይ ነው። የት ባሕር? እንጃ፤
የጭነት መርከብ መሐንዲስ ሆኗል፣ ሁለተኛ ደረጃ።
የተወልን አንድ ደብተር ነው፤ ገጹ በሾርባ የራሰ፤
ማሽኑን ከዚያ ወዲህ ከአቧራ በቀር ማንም አልዳሰሰ።

መጀመሪያ ገመዱን። በባትሪ፣ ከፎቅ ፎቅ እየዳበስኩ።
አልተበጠሰም። አይጥም አልቀመሰችው። ተመለስኩ።
መብራቶቹ ይጣቀሳሉ፣ አረንጓዴው ሁሉ ደኅና፤
ደኅና ሆኖ አለመሥራት፣ እሱ ነው ክፉ ጤና።
ከየቤቱ ማሽኑን ብትጠይቀው፣ «አለሁ» ይላል።
ማሽኑ ራሱ ውጭውን ቢጠይቅ፣ ውጭውም «አለሁ» ይላል።
ከቤት ተነስቶ፣ በሱ አልፎ፣ ወደ ውጭ ግን፣ ምንም፤
ድንጋይ ጉድጓድ ትጥላለህ፤ ሲያርፍ አትሰማም።

ካርዱን ነቅዬ ሰካሁ። እፍ አልኩበት፤ አስነጠሰኝ።
አጥፍቼ አበራሁት፤ እስኪነቃ ዘመን መሰለኝ።
ኔሉ «ንገሪው» ይለኛል፣ «ልጁ ፊልም ሲያወርድ ያድራል።»
ሴዛር «ንገሪው» ይለኛል፣ «የሦስት ወር ያልከፈለ ይናገራል?»
ከእኔ አንድ ክንድ አይርቁም፤ እኔን ሁለቱም ይሰማሉ፣
መሃል ቆሞ የሚያሻግር ካጡ ግን ዲዳ ይሆናሉ።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደብተሩን ገለጥሁ፣
የቲቤሪዩ ጽሑፍ ጉንዳን ነው፤ ዐይኔን አጥብቤ አነበብሁ፦
«ማሽኑ ከወዲህ የሰማውን ወዲያ ያሻግር ዘንድ፣
ይህችን ዜሮ አድርጋት አንድ።»
ከሥሩ በቀይ፦ «ዲስክ ላይ ጻፈው። ነገ።»

ነገ አልመጣም። መርከቡ መጣ። ያቺ አንድ
በቃል ብቻ ተይዛ፣ ሁለት ዓመት ኖረች፤
መብራቱ ሲሄድ አብራው ሄደች።
በቃል ያለ ይረሳል፤ ለካ ለቆርቆሮም ይሠራል።
ምስኪን አገልጋይ! ሁለት ጆሮ አለው፣ ግራ ቀኙን ይሰማል፣
«አሻግር» ያለው ከሌለ ግን ሁሉን ውጦ ዝም ይላል።

ዜሮዋን አጠፋሁ። አንድ ጻፍሁ። ቁልፉን ተጫንሁ።
ከላይ ፎቅ አንድ ልጅ «መጣ!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁ።
ከዚያ በየመስኮቱ ያ ሰማያዊ ብርሃን።
አመሰግናለሁ ያለኝ የለም፤ ስማራንዳ ብቻ፣ በሳህን
ጎመን ጨልፋ ሰጠችኝ፤ «ከወደብ ሲደውል ይገባል አሁን?»
«ይገባል» አልኳት። ዲስኩ ላይ ጻፍሁት፣ ሁለቴም አየሁ፣
በደብተሩም፣ ከቀዩ ሥር፦ «ተጽፏል። ሳንዳ» አልሁ።

ጠዋት ወደ ሥራ ስወርድ፣ ከሦስተኛ ኔሉ ገባ። ገንዘብ ቆጠረ፤
«የሦስት ወሩ ነው፤ ለሴዛር ስጪልኝ።»
ሴዛር ከኋላዬ፣ እዚያው ሊፍት ውስጥ፣ ቆሞ ነበረ።
ተቀበልሁ። ዞር አልሁ። ሰጠሁ።
ቁጥሩ ወረደ፤ ሁለት፣
አንድ።
አንድ ላይ ሲደርስ ሊፍቱ ትንሽ አመነታ፤
ዘይት አንሶት ይሆናል። አየዋለሁ ማታ።